ከአይስላንድ የሣር ቤቶች እስከ ኦሞ ወንዝ

በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ አይስላንድ ውስጥ ሆዱ የገፋ ሰው ማየት ብርቅ አልነበረም። ወንዱም ሴቷም ከቀኝ የጎድን አጥንታቸው ሥር አንዳች ነገር ያብጥባቸውና እብጠቱ ዓመት እየቆጠረ ያድጋል። አንዳንዱ ምንም ሳይሰማው ዕድሜውን ጨርሶ ይሞታል። ሌላው ከፈረስ ሲወድቅ ወይም ከባድ ነገር ሲያነሳ ሆዱ ውስጥ የሆነ ነገር ይፈነዳል፤ ሰውነቱ በሽፍታ ይወረሳል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ አንዳንዴም ሳይመሽ ያልፋል። አገሬው “የጉበት በሽታ” ይለው ነበር። መንስኤውን የሚያውቅ አልነበረም።

ዴንማርካዊው ሐኪም ፒተር አንቶን ሽሌይስነር በ1847 እና በ1848 ደሴቲቱን ዞሮ የሕዝቡን ጤና ሲመረምር (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ከሰባት ሰው አንዱ በዚህ ሕመም የተያዘ ነው የሚል ግምት ይዞ ተመለሰ። በኋላ የመጡ ሐኪሞች ቁጥሩ በዝቷል ብለው ተከራክረዋል። ቢሆንም ሕዝቧ ሰባ ሺህ እንኳ ላልሞላ አገር፣ ከዚያ ግማሹም ቢሆን የሚያስደነግጥ ነበር።

መልሱ የተጀመረው ከአይስላንድ ርቆ፣ በጀርመን ቤተ ሙከራ ነው። በበግና በከብት ጉበት ላይ ውሃ የቋጠሩ ከረጢቶች እንደሚገኙ እረኛና ሥጋ ሻጭ ከጥንት ጀምሮ ያውቁ ነበር። በ1852 ካርል ቴዎዶር ፎን ዚቦልድ የተባለው ተመራማሪ ከእነዚህ ከረጢቶች ሥር የሚዘቅጠውን አሸዋ መሰል ነገር ወስዶ ለውሾች አበላ። ሳምንታት ቆይቶ ውሾቹን ቀዶ ሲመለከት አንጀታቸው በጥቃቅን የኮሶ ትሎች ተሞልቶ አገኘው። እያንዳንዱ ትል ከጥቂት ሚሊሜትር አይበልጥም። እኛ ከጥሬ ሥጋ የምናውቀው ኮሶ በሜትር የሚለካ ነው፤ ይህኛው ግን የዚያ ሩቅ ዘመድ ሆኖ፣ አንድ ውሻ በሺህ የሚቆጠር ቢሸከም እንኳ ጤነኛ መስሎ ይሮጣል።

ዑደቱ እንዲህ ነው። ትሉ ውሻው አንጀት ውስጥ እንቁላል ይጥላል፤ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣና ሣር፣ ውሃ፣ ጸጉር፣ አፈር ላይ ያርፋል። በጉ ሣሩን ሲግጥ ይውጠዋል። እንቁላሉ በጉ ሆድ ውስጥ ተፈልፍሎ የአንጀቱን ግድግዳ ሰርስሮ ከደም ጋር ወደ ጉበት ወይም ወደ ሳንባ ይሄድና እዚያ ከረጢት ይሠራል። በጉ ሲታረድ ከረጢቱ ያለበት ሳንባ ለውሻ ይጣላል፤ ነገሩም ከመጀመሪያው ይጀምራል። ሰው በዚህ መካከል የሚገባው በስህተት ነው፤ ውሻውን በነካ እጁ ሲበላ፣ ወይም የተበከለ ውሃ ሲጠጣ። ከዚያ በኋላ የሚሆነው በጉ ላይ የሚሆነው ነው። እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስህተት ማረም ያስፈልጋል። ከረጢት የተገኘበትን ጉበት የበላ ሰው በዚህ አይያዝም፤ ሕመሙ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሦስት ሰው ተይዞ ከተገኘ፣ የሚጋሩት ውሻውን ነው።

በ1863 የበጋ ወራት ሃራልድ ክራቤ ከኮፐንሀገን በመርከብ ተነስቶ አይስላንድ ገባ። ዕድሜው 32 ነበር፤ በሕክምናም በእንስሳት ሕክምናም የሠለጠነ ሰው ነበር። የሄደበት ጉዳይ ከሰው ይልቅ ከውሻ ጋር ነበር። የአይስላንድ ገበሬ በሳርና በአፈር በተሸፈነ ቤት ውስጥ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሁሉም በአንድ ክፍል ተኝቶ የሚያድር ነበር፤ ውሻውም ከቤተሰቡ ጋር ነው። ለበግ ጥበቃ ውሻ ግድ ነው፣ የቤት ውስጥ ሙቀትም ለውሻው አይከለከልም። ሰው የበላበትን የእንጨት ሳህን ውሻ እንዲልሰው መስጠት የተለመደ ነበር፤ የውጭ ተጓዦች ይህን እያዩ በማስታወሻቸው ላይ ያማርሩ ነበር። በበልግ በግ ሲታረድ ደግሞ የሆድ ዕቃው የውሻ ድርሻ ነበር።

ክራቤ 100 ውሾችን ቀዶ መረመረ። 28ቱ የዚህን ትል ተሸካሚ ሆነው ተገኙ። ኮፐንሀገን ውስጥ በመረመራቸው ውሾች ላይ ትሉ እምብዛም አልታየም ነበርና ልዩነቱ ገላጭ ነበር። በዚያው ዓመት ክራቤ በሰሜን አይስላንድ የወረዳ ሐኪም ከነበረው ከዮን ፊንሰን ጋር ሆኖ ከሰው የወጣ ከረጢት ለውሻ አብልቶ ትሉን አገኘ፤ በርሊን ውስጥ በርንሃርድ ናውኒን የተባለው ሐኪምም በዚያው ዓመት ተመሳሳይ ሙከራ አድርጎ ተመሳሳይ ውጤት አገኘ። በሰውና በበግ ሆድ ያለው ከረጢት፣ በውሻ አንጀት ያለውም ትል፣ የአንድ ፍጡር ሁለት የዕድሜ ደረጃዎች መሆናቸው ተረጋገጠ።

በእኔ አስተያየት የቤተሰብ ምርመራ የሚባለው ነገር የተጀመረው እዚህ ነው፤ ምንም እንኳ ክራቤ አንድም ቤተሰብ ባይመረምር። ሐኪሞች እስከዚያ ድረስ የታመመውን ሰው ብቻ ነበር የሚያዩት። ክራቤ ግን ጥያቄውን ወደ ቤቱ ደጃፍ አዞረው፦ ውሻው ምን በላ? በጉ የት ታረደ? ሳህኑን ማን ላሰው?

ቀጣዩ ሥራው ደግሞ ከምርምሩ ያላነሰ ነው። በ1864 ለአይስላንድ ሕዝብ በራሱ ቋንቋ ስለ ሕመሙና ስለ መከላከያው የሚናገር ትንሽ መጽሐፍ አዘጋጀ፤ መንግሥት አሳትሞ በነጻ አደለው። አይስላንዳውያን የክረምቱን ረጅም ሌሊት ሱፍ እየፈተሉና እየሠሩ አንዱ ጮክ ብሎ ሲያነብ የሚያዳምጡ ሕዝብ ነበሩ፤ አብዛኛው ሰው ማንበብ ይችላል። ይህ ልማድ መጽሐፉን በየቤቱ እንዳስገባው መገመት አያስቸግርም። በ1869 የወጣው ደንብ በውሻ ላይ ግብር ጣለ፤ ከረጢት ያለበት የሆድ ዕቃ ለውሻ እንዳይሰጥ፣ እንዲቀበር ወይም እንዲቃጠል አዘዘ። ሕጉ በወረቀት ላይ ጠንካራ ነበር፤ በሜዳ ላይ ግን ተፈጻሚነቱን የሚከታተል ሰው አልነበረም። ገበሬው እንኳን ውሻውን በጉንም የሚቆጥርለት አልፈለገም። በ1890 ሌላ ሕግ መጣ፤ በዚህኛው መሠረት ውሾች ሁሉ በየዓመቱ የትል መድኃኒት እንዲጠጡ ተደነገገ፤ ይህንኑ የሚያስፈጽም የውሻ አጣሪ ሰውም በየወረዳው ይሾም ጀመር። አጣሪው ውሾቹን ሰብስቦ ያስራል፣ ያስርባል፣ መድኃኒት ያጠጣል፤ የሚወጣውን ያስቀብራል። ደስ የሚል ሥራ አልነበረም።

ከሕጉ ጎን ለጎን ሌላ ነገር ተለወጠ። በግ ከነሕይወቱ ወደ እንግሊዝ መሸጥ ጀመረ፤ ከ20ኛው መቶ ዘመን መግቢያ በኋላም ቄራዎች ተሠሩ። በጓሮ የሚደረገው እርድ ሲቀንስ ውሻው ያገኝ የነበረው ሳንባም ቀነሰ። በ1924 ሬይክያቪክ ከተማ ውስጥ ውሻ ማሳደግ ጭራሽ ተከለከለ፤ ክልከላው የላላው ከስድሳ ዓመት በኋላ ነው። ውሻ ወዳድ ለሆነ ሰው ይህ ጭካኔ ነው። የተቀደዱ ሆዶችን ላየ ሐኪም ግን አልነበረም፤ ቀዶ ሐኪሙ ጉድሙንድር ማግኑሶን በ1913 ያሳተመው ጽሑፍ በዚህ ሕመም ምክንያት ስለተደረጉ 214 ቀዶ ሕክምናዎች የሚናገር ነበር።

ድሉ የታየው ከሞቱ ሰዎች ነው። የፓቶሎጂ ፕሮፌሰሩ ኒልስ ዱንጋል ከ1930ዎቹ ጀምሮ በሬይክያቪክ አስከሬን ሲመረምር፣ የሞተው ሰው የተወለደበትን ዘመን ከከረጢቱ ጋር አስተያየ። ከ1861 እስከ 1870 ከተወለዱት መካከል 22 በመቶ ያህሉ ከረጢት ነበረባቸው። በቀጣዩ አሥር ዓመት የተወለዱት ላይ ቁጥሩ ወረደ፤ በሚቀጥለውም እንደገና ወረደ፤ ከ1900 በኋላ የተወለዱት ላይ ከሞላ ጎደል ጠፋ። አስተውሉ፤ ቁልቁለቱ የጀመረው ከመጽሐፉ በኋላ በተወለዱት ልጆች ላይ ሲሆን፣ ጠንካራው የ1890 ሕግ ገና አልወጣም ነበር። የትኛው ምን ያህል እንደሠራ ለይቶ መናገር ቢያስቸግርም፣ የዱንጋል ሠንጠረዥ ለክራቤ መጽሐፍ ጥሩ ምስክር ነው።

አይስላንድ ሕያው ሰው ሳትመረምር ሕመሙን አሸነፈች። ለምርመራም መሣሪያ አልነበራትም። በ1906 ጣሊያናዊው ጌዲኒ በደም ውስጥ ምልክቱን የሚፈልግ ዘዴ አወጣ፤ በ1911 ደግሞ ሌላው ጣሊያናዊ ካዞኒ የከረጢቱን ውሃ በቆዳ ውስጥ በጥቂቱ በመውጋት ቆዳው ሲያብጥ ማየትን አስተማረ። የካዞኒ ምርመራ ለአሥርት ዓመታት በዓለም ዙሪያ አገልግሏል፤ ያልታመመውን ታመሃል፣ የታመመውን ደህና ነህ እያለ። ራጅ ሳንባን በደንብ ያሳያል፤ ጉበትን ግን አያሳይም። ስለዚህ እስከ 1970ዎቹ ድረስ አንድን መንደር አሰልፎ ጤነኛ በሚመስሉ ሰዎች ሆድ ውስጥ ያለውን ማየት አይቻልም ነበር።

ሌሎች የበግ አገሮች የአይስላንድን መንገድ ተከትለዋል። በኒውዚላንድ በ1959 ሕግ ወጣ። በታዝማኒያ ትሬቨር ቢርድ የተባለ የገጠር ሐኪም ገበሬዎቹን አስተባብሮ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ዘመቻ አስነሳ፤ ውሾቹ አሬኮሊን የሚባል የሚያስቀምጥ መድኃኒት ይሰጣቸውና የወጣው ነገር በምርመራ ይታያል። ገበሬው የራሱ ውሻ ትል ይዞ ሲገኝ ጎረቤት ፊት ማፈሩ ከስብከት የበለጠ ሳይሠራ አልቀረም። ታዝማኒያ በ1996፣ ኒውዚላንድ በ2002 ከሕመሙ ነጻ መሆናቸውን አስታወቁ። እነዚህ ግን አጥር ያለው መሬት፣ የተቆጠረ በግ፣ አድራሻ ያለው ገበሬ ያላቸው ደሴቶች ናቸው።

ቱርካና እንዲህ አይደለም። የኬንያ ሰሜን ምዕራብ ጥግ፣ ከኡጋንዳ፣ ከደቡብ ሱዳንና ከእኛ አገር የሚዋሰነው ደረቅ ምድር፣ ግመል፣ ፍየል፣ በግ፣ ከብትና አህያ ይዘው ውሃና ሣር የሚከተሉ አርብቶ አደሮች አገር ነው። እዚያ ያሉ የሚስዮን ሆስፒታሎችና በአውሮፕላን የሚመላለሱ፣ አምሬፍ የተባለው የሕክምና ድርጅት ቀዶ ሐኪሞች ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አንድ ነገር አስገርሟቸዋል፤ በቢላዋቸው ሥር የሚመጣው ሆድ ሁሉ ይህንኑ ከረጢት ይዞ ይገኛል። እንግሊዛዊው የጥገኛ ተውሳክ ሊቅ ጆርጅ ኔልሰንና ባልደረቦቹ የሆስፒታል መዝገብ አገላብጠው በ1982 ባሳተሙት ጥናት በሰሜን ምዕራብ ቱርካና በዓመት ከ100 ሺህ ሰው 220 ያህሉ ለዚህ ሕመም ሕክምና እንደሚደረግላቸው አሳዩ። እስከዚያ ዘመን ድረስ ከተመዘገበው ሁሉ እጅግ ከፍተኛው ነው።

ለምን? ተመራማሪዎቹ ወደ ጎጆው ገቡ። ውሻው የእናቲቱ ረዳት ነበር። ውሃ ከሩቅ በሚቀዳበት አገር ሕፃን ሲያስመልስ ወይም ሲጸዳዳ ልሶ የሚያጸዳው ውሻው ነው። ዳሱ ጠባብ ነው፣ ሌሊቱም ለውሻም ለሰውም አንድ ነው። በሽታው ሴቶችን የበለጠ ማጥቃቱ ከዚህ የመጣ ነው፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ ከውሻው ጋር የሚውሉት እነሱ ናቸውና። ካልም ማክፈርሰን በ1983 ያሳተመው ጽሑፍ ደግሞ ሰው በሌላ ቦታ ሁሉ የዑደቱ መቋጫ ቢሆንም በቱርካና ግን እንደ በጉ የትሉ አስተላላፊ ሊሆን እንደሚችል አሳየ፤ የሞተ ሰው በጥልቀት ሳይቀበር በዱር ሲተው ውሻና ቀበሮ ስለሚደርሱበት። ከአካባቢው የተቀደዱ ውሾች ከግማሽ በላይ ትሉን የያዙ ነበሩ።

መሣሪያው የመጣው በዚህ ጊዜ ነው። ቱኒዚያዊው የራዲዮሎጂ ሐኪም ሐሰን ጋርቢ በ1981 ጉበት ውስጥ ያለ ከረጢት በአልትራሳውንድ ላይ በየዕድሜው የሚያሳየውን መልክ ለይቶ በተርታ አስቀመጠ። ወጣቱ ከረጢት ጥርት ያለ ጥቁር ክብ ነው፤ ሲበስል ውስጡ ብዙ ትናንሽ ከረጢቶች ይታያሉ፤ ሲያረጅ ይደምናል፤ ሲሞት ግድግዳው እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ሐኪም ከዚያ ወዲያ ሆድ ሳይከፍት ያለውን ከረጢት ብቻ ሳይሆን በሕይወት መኖሩንና አለመኖሩንም መገመት ቻለ። ይህ ሥራ ከሰሜን አፍሪካ መውጣቱን አንባቢ ልብ ይበል።

አምሬፍ በ1983 በሰሜን ምዕራብ ቱርካና የመከላከያ ዘመቻ ጀመረ። ማክፈርሰን፣ ኤበርሃርድ ዛይሌና ባልደረቦቻቸው ተንቀሳቃሽ የአልትራሳውንድ ማሽን ጭነው ወደ መንደሮቹ ወጡ። ቤተሰቡ ከሕፃን እስከ አያት ይጋደማል፤ ጄል ይቀባል፤ ማሽኑ በጎድን አጥንት መካከል ይሄዳል፤ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ጉበቱ በስክሪን ላይ ይታያል። ደም መቅዳት፣ ማቀዝቀዣ ፍለጋ፣ ናሙና ወደ ናይሮቢ መላክ ቀረ። በ1987 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ያወጡት ጽሑፍ ማሽኑን ከደም ምርመራ ጋር አወዳድሮ ማሽኑ እንደሚበልጥ አሳየ፤ ብዙ ከረጢት ያለባቸው ሰዎች በደማቸው ላይ ምንም ምልክት አይታይም ነበርና። ለታማሚው ከቁጥሩ ሌላ ጥቅም ነበረው። ሴትየዋ በገዛ ዓይኗ ሆዷ ውስጥ ያለውን ክብ ታያለች፤ ከዚያ በኋላ ስለ ውሻው የሚነገራትን መስማት ይቀላል።

ከዚያ ማሽኑ ድንበር ተሻገረ። በ1989 በታተመው ጥናት በኬንያ፣ በሱዳን፣ በኢትዮጵያና በታንዛኒያ ከ18 ሺህ በላይ አርብቶ አደሮች ተመርምረው ነበር። በሰሜን ምዕራብ ቱርካና 5.6 በመቶ ተገኘ፤ ቀጥሎ የደቡብ ሱዳን ቶፖሳዎች፣ ከዚያ በእኛ በኩል ያሉት ኛንጋቶሞች፣ በኛንጋቶሞቹ ዘንድ ከመቶ ሁለት ያህል። ለእኛ ይህ የመጀመሪያው ወሬ አልነበረም። በ1981 ጆርጅና ዶሪስ ፉለር በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ስላደረጉት ጥናት፣ በ1982 ደግሞ ኖርዌያዊው ሐኪም በርንት ሊንትዮርንና ባልደረቦቹ በደቡብ ኢትዮጵያ ስላዩት ሕመም ጽፈው ነበር። በ1993 የወጣው ሌላ ጥናት ስለ ሐመሮች ሲሆን ርዕሱ ራሱ ነገሩን የሴቶች የጤና ችግር ብሎ ይጠራዋል። ከኦሞ ወንዝ በዚህና በዚያ ያሉ ሰዎች ቋንቋቸው ይለያያል፣ ይጋጫሉም፤ ውሾቻቸው ግን አንድ ዓይነት ሥራ ይሠራሉ።

መንደር መመርመር ቀላሉ ክፍል ነበር። የተገኘበትን ሰው ምን እናድርገው? ሁሉንም መቅደድ አይቻልም፤ ቀዶ ሕክምና ራሱ ከረጢቱን ሆድ ውስጥ አፍስሶ አዲስ ከረጢቶች ሊዘራ ይችላል። አልቤንዳዞል የተባለው ኪኒን በ1980ዎቹ በቱርካና ሊቀደዱ በማይችሉ ሕሙማን ላይ ተሞከረና የብዙዎቹን ከረጢት አሳነሰ ወይም ገደለ። በዚያው አሥር ዓመት አጋማሽ የቱኒዚያ ሐኪሞች በአልትራሳውንድ እየተመሩ በመርፌ ከረጢቱን መብሳት፣ ውሃውን መምጠጥ፣ ትል የሚገድል ፈሳሽ መርጨትና እንደገና መምጠጥ የሚባለውን ዘዴ አመጡ። አርጀንቲናዊው ቤርናርዶ ፍሪደር ደግሞ ከሁሉ የሚገርመውን ነገር በ1999 አሳተመ፤ በምርመራ ከረጢት የተገኘባቸውና ምንም የማይሰማቸው ሰዎች ከአሥር ዓመት በላይ ሲከታተሏቸው ሦስት አራተኛው ያህል ምንም ሳይታመሙ ኖሩ። ከዚህ በኋላ “ተገኘ” ማለት “ይቀደድ” ማለት መሆኑ ቀረ። የዓለም ጤና ድርጅት የባለሙያዎች ቡድን በ2003 ያወጣው ደረጃ የጋርቢን ሥራ አስፋፍቶ ከረጢቶችን በሕያውነታቸው ከፋፈለ፤ ወጣቱ መድኃኒት ይወስዳል፣ ትልቁና አስጊው ይቀደዳል ወይም ይበሳል፣ የሞተው በየጊዜው እየታየ ይተዋል።

ውሾቹስ? በቱርካና ውሻ እየተመዘገበ በየስድስት ሳምንቱ ፕራዚኳንቴል የተባለ የትል መድኃኒት የሚሰጥበት አሠራር ተጀመረ፤ ስድስት ሳምንት የሆነው አዲስ የተያዘ ውሻ እንቁላል ለመጣል ያን ያህል ጊዜ ስለሚፈጅበት ነው። ባለቤት የሌላቸው ተገደሉ። ግን መንደሩ ራሱ ይንቀሳቀሳል፣ ድርቅ ይመጣል፣ ወረራ ይመጣል፣ በጀት ያልቃል። ይህን በአይስላንድ ውሻ አጣሪ ሚዛን መመዘን አይቻልም። ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በ2010ዎቹ መጀመሪያ በተደረጉ ምርመራዎች በቱርካና የሚገኘው መጠን በ2 እና በ4 በመቶ መካከል ወዳለ ቁጥር ወርዶ ነበር። ወርዷል፤ አልጠፋም። ለኔ ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድን ሕዝብ በተመሳሳይ ዘዴ እየመረመሩ መቆየት በራሱ በአፍሪካ ምድር ብዙ ጊዜ የማይታይ ጽናት ነው።

በ1996 ላይ በአውስትራሊያ ማርሻል ላይቶወለርስ ከኒውዚላንዱ ዴቪድ ሂዝ ጋር በጎችን ከሕመሙ የሚከላከል ክትባት አሳተመ። ከዚያ ወዲህ ዑደቱን በሁለት በኩል መቁረጥ ይቻላል፤ በውሻው በመድኃኒት፣ በበጉ በክትባት።

የቱርካና ዘዴ አውሮፓም ደረሰ። በ2014 እና በ2015 ሩማንያ፣ ቡልጋሪያና ቱርክ ውስጥ በገጠር 24,693 ሰዎች በአልትራሳውንድ ተመረመሩ። ከሺህ አራት እስከ ስድስት ሰው ተይዞ ተገኘ፤ ተመራማሪዎቹ በሦስቱ አገሮች ገጠር 151 ሺህ ያህል ሰው ከረጢት እንዳለበት ገመቱ፤ አብዛኛው ሳያውቀው። የሆስፒታል መዝገብ ይህን ሁሉ አያውቅም ነበር። ሕመሙ የድሃ አርብቶ አደር ብቻ ነው ሲል የኖረ የአውሮፓ ጤና ባለሥልጣን ካለ፣ ከዚህ በኋላ መልስ የለውም።

ኢትዮጵያ በ2015 ከእንስሳት ወደ ሰው ከሚተላለፉ በሽታዎች መካከል ቅድሚያ የሚሰጣቸውን አምስት መርጣለች፦ የውሻ እብደት በሽታ፣ አባሰንጋ፣ ብሩሴሎሲስ፣ ሌፕቶስፓይሮሲስና ይኸው የከረጢት ሕመም። ምርጫው ትክክል ነው። ግን ብዙ ሰው ይህን ሕመም ከኦሞ ሸለቆ ጋር ብቻ ያያይዘዋል፤ የቄራ ሠራተኛ ግን በደጋውም ይህን ከረጢት በሳንባና በጉበት ላይ ያያል፣ ያየውንም ይጥላል። ቄራ የሚደርሰው ከብት ደግሞ ከሚታረደው ሁሉ ጥቂቱ ነው። በዓመት በዓል የሚታረደው በግና ፍየል፣ በቅርጫ የሚታረደው በሬ፣ ሐኪም ሳያየው በየግቢው ይታረዳል፤ ሳንባውም ለሰፈር ውሻ ይወረወራል። ክራቤ በ1863 ያየው ይህንኑ ነው።

ስለዚህ አንባቢ፣ በሚቀጥለው በዓል ቢላው ከመሳሉ በፊት ለአራጁ ይንገሩ። ሳንባና ጉበት ሲወጣ ይመልከቱት፤ ውሃ የቋጠረ እብጠት ካዩ አይውጉት፣ አይክፈቱት፣ ለውሻም አይጣሉት፤ ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ይቀበር ወይም ይቃጠል። የግቢዎ ውሻ የትል መድኃኒት የወሰደበትን ቀን የእንስሳት ሐኪም ይመዝግብልዎት፤ ልጆች ውሻ ነክተው እጃቸውን ሳይታጠቡ እንዳይበሉ ያድርጉ። ከቤተሰብዎ አንዱ ለዚህ ከረጢት ተቀዶ ከሆነ ደግሞ እሱ ብቻ ታክሞ አይለቅ፤ አንድ ግቢ የሚጋሩት ሁሉ ልጆቹ ጭምር በአልትራሳውንድ ይታዩ።